የሳጥኑ ክዳን

በሺር ዒልሚ ሳጥን ሠሪ ነው። ድሬ ዳዋ መጋላ ሰፈር ውስጥ፣ ከቀፊራ ገበያ ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ፣ የእሱን መዶሻ ሳይሰማ የሚያልፍ ሰው የለም። የሚሠራው ለሙሽሮች ነው። በሰፈሩ ልማድ አንዲት ልጅ ስትዳር ልብሷና ሽቶዋ የሚገባበት የላሜራ ሳጥን ይታዘዝላታል፤ ክዳኑ ላይም ስሟ ከነአባቷና ከነአያቷ በሚስማር ነጠብጣብ ይወጋል። ቀለም ይለቃል፤ በሚስማር የተወጋ ስም ግን ሳጥኑ ዝጎ እስኪያልቅ ይኖራል። በሺር አርባ ዓመት ሙሉ የሰው አባትና አያት ሲወጋ አንድም ቀን አልተሳሳተም። ስም ሲነገረው ሦስት ጊዜ ያስደግማል።

ያን ቀን የሚሠራው ፊት ለፊቱ ጨርቅ ለሚሸጠው ለአብዲራህማን ልጅ ነበር። የግንቦት ፀሐይ ገና በሦስት ሰዓት ላሜራውን አግሎታል።

«ዱኒያ ነው አልኩህ» አለ አብዲራህማን ከሱቁ ደፍ ላይ ሆኖ። «ዱኒያ፣ ዱኒያ፣ ዱኒያ። አቦ፣ ከፈለግህ ልዝፈንልህ?»

«የአባቷንም በል።»

«አባቷ እኔ ነኝ እኮ! ሠላሳ ዓመት ፊቴ ተቀምጠህ ስሜን አታውቅም?»

«ካንተ አፍ ልስማው።»

አብዲራህማን እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ስሙን ሦስት ጊዜ ጮኸ። መንገደኛው ሳቀ። በሺር አልሳቀም። ሚስማሩን አቁሞ መምታት ጀመረ።

«ዱኒያ» የሚለውን ጨርሶ ቀና ሲል ልጁ ኪንሲ በመንገዱ ስትመጣ አየ። ከኋላዋ አንድ ሰው ይከተላታል። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ በአንድ እጁ የቴምር ካርቶን፣ በሌላው መሀረብ ይዞ ላቡን የሚጠርግ። ኪንሲ ፊቷ ደስ ብሎታል። በሺር ግን ያየው የሰውየውን አገጭ ነው። መሀሉ የተሰነጠቀ ሰፊ አገጭ። ያን አገጭ ከዚህ በፊት አንድ ቀን ብቻ ነው ያየው፤ ያኔ ስምንት ዓመቱ ነበር።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ አዴር» አለ እንግዳው ጎንበስ ብሎ፣ እንደ አጎት እየጠራው። ሶማሊኛው መሀል ፈረንሳይኛ ይገባበታል። «ሳላሕ ዐብዲራዛቅ እባላለሁ። ከጅቡቲ ነው የመጣሁት። መኪናዬን ደቻቱ ድልድይ ጋ አቁሜ ነው፤ መንገዱ ጠበበኝ።»

«ወዓለይኩም ሰላም። የማን ዐብዲራዛቅ?»

«የባርኸድ።»

በሺር መዶሻውን አስቀመጠ።

«የባርኸድ ዋይስ?»

«አዎ! ታውቀዋለህ አያቴን?» ሳላሕ በደስታ ወደ ኪንሲ ዞረ። «አላልኩሽም? ያውቁታል አላልኩሽም?»

«ግቡ» አለ በሺር።

ቤቱ ከሱቁ ጀርባ ያለች አንዲት ሰፊ ክፍልና ጓዳ ናት። ኪንሲ ምንጣፉ ላይ አስቀምጣው ሻሂ ቀዳችለት። ከዚያ ለአባቷ በፈገግታ ነገረችው። ከወር በፊት ከአልጋው ሥር ስትጠርግ አሮጌውን የወታደር ሳጥን አውጥታ፣ ክዳኑን በስልኳ አንስታ ፌስቡክ ላይ ለጥፋው ነበር። ሳጥኑ የተቆለፈ ነው፤ ቁልፉም በአባቷ ወገብ ላይ ነው፤ ውስጡን አይታ አታውቅም። ክዳኑ ላይ ግን በነጭ ቀለም የተጻፈ የፈረንጅ ፊደልና ቁጥር አለ። ይህ ሰው አይቶ ጻፈላት፤ ሁለት ጊዜ ደወለላት፤ ዛሬ መጣ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ድንገት ላስደስትህ ብዬ ነዋ፣ አባ።»

በሺር የወገቡን ቁልፍ ዳሰሰ። አንዲት ልጅ ብቻ ነው ያለችው። ስለዚያ ሳጥን አንድም ነገር ነግሯት አያውቅም፤ ጥፋቱ የእሱ ነው።

ሳላሕ ሻሂውን ሳይጠጣ ማውራት ጀመረ። የሚናገረውን አስቀድሞ ያዘጋጀ ሰው ነው።

«አዴር፣ እኛ የወታደሮች ልጆችና የልጅ ልጆች ተሰብስበን ማኅበር አቁመናል። ለሰኔ ሃያ፣ ለነጻነታችን ቀን፣ የመታሰቢያ አዳራሽ እንከፍታለን። ከፈረንሳይ ጊዜ ጀምሮ የወደቁ፣ የቆሰሉ፣ የተዋጉ የአገራችን ልጆች ሁሉ ምስል እዚያ ይሰቀላል። መግቢያው ላይ የአያቴ ነው የሚሆነው። ፈረንሳይ አገር ድረስ ሄዶ ጀርመንን የወጋ ሰው ነው። ስሙ በነሐስ ተቀርጾ አልቋል። የጠፋን ምስሉ ነው። ኒሻኑም የለንም። አያቴ፣ አላህ ይማረው፣ ዓምና መቶ ሊሞላው ሲል ሞተ፤ እስኪሞት ድረስ ‹ሳጥኔ ጠፋ› ይል ነበር።»

«ጠፋ ነው ያለው?»

ሳላሕ መሀረቡን አጣጠፈ። «አትቆጣኝ አዴር። እቤት የሚወራው... አባትህ ይዞት ሄደ ነው። ያኔ ፈረንሳዮቹ ሰው ሲያባርሩ ግርግር ነበር። ሁሉም ያገኘውን ተሸክሞ ነው የሮጠው። እኛ ቂም የለንም። ወላሂ የለንም! እንዲያውም ስልሳ ዓመት ስለጠበቃችሁልን ለማመስገን ነው የመጣሁት።»

ኪንሲ የሻሂ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

 የበሺር አባት ሌባ ተባለ። በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ምንጣፉ ላይ፣ ሻሂ በቀረበለት ሰው፣ በትሕትና፣ ይቅርታም ተደርጎለት። ብድግ ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። ሳጥኑን ከአልጋው ሥር ጎትቶ አምጥቶ በእንግዳውና በእሱ መካከል አስቀመጠው። ክዳኑ ላይ ነጩ ጽሑፍ ደብዝዞ ይታያል።

ሳላሕ እጁን ወደ ክዳኑ ላከ።

«አትንካው» አለ በሺር። «መጀመሪያ አባቶችህን ቁጠርልኝ።»

«ምን?»

«አባቶችህን። የሶማሌ ልጅ አይደለህም? ቁጠር።»

ሳላሕ እንደ ማፈር ብሎ ሳቀ። በልጅነቱ የተማረው ነው፤ ማንም ይማረዋል። «ሳላሕ፣ ዐብዲራዛቅ፣ ባርኸድ፣ ዋይስ፣ ሮብሌ፣ አዋሌ...» ቆመ። ጣሪያውን አየ። «አዋሌ... እኛ ከተማ ያደግን ልጆች ነን፣ አዴር። አባቴ ሙሉውን ያውቃል።»

«ሚገኔ» አለ በሺር። «አዋሌ ሚገኔ። ሚገኔ ዱዓሌ። ዱዓሌ ኤገህ። ኤገህ ቡህ። ቡህ ሊባን። ሚገኔ አንድ ዓይኑ የጠፋ ሰው ነበር፤ ግመል ነው የረገጠው። ዱዓሌ የተቀበረው ዘይላ መንገድ ላይ ነው። ልክ ነኝ?»

ሳላሕ መሀረቡን ፈትቶ ግንባሩን ጠረገ።

«እኔ የእናንተ ጎሳ አይደለሁም። አባቴ እዚህ ድሬ ዳዋ አጠገብ፣ ሐርላ፣ ፍየል ሲጠብቅ ያደገ ሰው ነው። ታዲያ የአያትህን ስምንት አባት ማን አስተማረኝ?»

«እንጃ። ጓደኛሞች ነበሩ ይባላል...»

«ጓደኛሞችስ ነበሩ።»

በሺር ሳጥኑን ሳይከፍት ነገረው። ሲናገር ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ኪንሲ ግን ጣቶቹ ጉልበቱን ጨምድደው ሲነጡ ታያለች።

ባርኸድና የበሺር አባት ዒልሚ ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሰል ይሸከሙ ነበር። ፈረንሳይ ለጦርነቱ ወታደር ስትፈልግ የምትወስደው የግዛቱን ተወላጅ ብቻ ነበር፤ ተወላጅነቱንም የየጎሳው ዓቂል፣ የጎሳው ዋስ የሆነው ሽማግሌ፣ አባቶቹን አስቆጥሮ ይመሰክራል። የባርኸድ ዓቂል የባርኸድን ስም አስመዘገበ። ባርኸድ ፈራ። ሚስቱ አርግዛለች፣ እናቱ ታለቅሳለች። ዒልሚ ግን ሚስትም ልጅም የለውም። ስለዚህ ሦስት ሌሊት ተቀምጦ የባርኸድን አባቶች አጠና። በአራተኛው ቀን ዓቂሉ ፊት ቆሞ ቆጠረ። ዓቂሉም ያውቃል፤ ቁጥሩ እስከሞላ ድረስ ግድ የለውም። ዒልሚ ባርኸድ ተብሎ ቁጥር ተሰጠው፤ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አራት። ባርኸድ ተብሎ መርከብ ተሳፈረ። ባርኸድ ተብሎ ፈረንሳይ አገር አንድ ባሕር ዳር፣ ጥድ ደን ውስጥ፣ ጭኑ ላይ ጥይት ገባ።

«ያኔ የተረገዘው ልጅ አባትህ ነው» አለ በሺር።

ሳላሕ ከንፈሩን ላሰ።

«ሲመለስ ለአያትህ ስሙን መለሰለት። ቃላቸው እንደዚያ ነበር። ወረቀቱንም ሰጠው፣ የጦር ሠራዊቱን። ያ ወረቀት ምን እንደሚያደርግ ያኔ አላወቀም። በሃምሳ ዘጠኝ፣ እናንተ ሕዝበ ውሳኔ በምትሉት ሰሞን፣ ፈረንሳዮቹ ከተማውን በሽቦ አጠሩት። ወረቀት ያለው ውስጥ፣ የሌለው ውጭ። አባቴ ይቺን ሳጥን በራሱ ተሸክሞ፣ እኔን በእጁ ይዞ ተሰለፈ። መኮንኑ ወረቀት ሲለው ቁጥሩን ነገረው። ሁለት ሺህ አንድ መቶ አራት፤ በፈረንሳይኛ ነው ያለው። መኮንኑ መዝገብ አየ። ቁጥሩ የባርኸድ ዋይስ ነው። አያትህን ከወደብ አስጠሩት። በካውያ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ‹ይህን ሰው ታውቀዋለህ?› አሉት። አያትህ አባቴን አላየውም፤ ያየው ሳጥኑን ነው። ክዳኑ ላይ የራሱን ስም አነበበ። ‹አላውቀውም› አለ።»

«አዴር፣ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ፈርቶ...»

«አልጨረስኩም። አባቴ በወታደር ልብስ የተነሣው ፎቶ ሳጥኑ ውስጥ ነበር። እኔ የአባቴን ሸሚዝ ጎተትኩ። ‹አባ፣ ፎቶውን አሳያቸው› አልኩ። አባቴ አፌን እንድዘጋ እጄን ጨመቀኝ። አጥንቴ እስኪንቋቋ። ካሳያቸው አያትህ ይታሰራላ! በራስ ስም ሌላ ሰው ማዝመት ቀላል ወንጀል መሰለህ? ‹ስሙን አበድሮኝ መልሻለሁ፤ እሱ በሕይወት እያለ ነገሩን እንዳታነሳው› ብሎ አዘዘኝ። በከብት ፉርጎ ጭነው ድሬ ዳዋ ላኩን። ዓምና ነው የሞተው አልክ፤ ስለዚህ አሁን አነሳሁት።»

ኪንሲ መሬት ቁጭ አለች። «አባ... ለእኔም?»

«ለአንቺም።»

የሚቀረው ለእሷ የሚነገር ነው፤ ለእንግዳው ያንን አልተናገረም። በስልሳ ዘጠኝ ክረምት መግቢያ ጅቡቲ ነጻ ወጣች ሲባል አባቱ በሬዲዮ ሰምቶ ሳጥኑን ወለወለ፤ በሚቀጥለው ባቡር ሊሄድ ነበር። የሐዲዱ ድልድይ በፈንጂ ተቆርጦ ባቡሩ ቆመ፤ ወዲያው የሶማሊያ ጦር መጣ። ድሬ ላይ መድፍ ወደቀ። ከዚያ ቤት ለቤት ፍተሻ ሆነ። የመንግሥት ታጣቂዎች ይቺኑ ሳጥን አገኟት። የውጭ ፊደል፣ የቤቱ ሰው ያልሆነ ስም፣ የውጭ አገር ኒሻን። «ባርኸድ የሚባለው ሰላይ ማነው? የት ነው ያለው?» እያሉ በሺርን አራት ወር ገረፉት። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። አልተናገረም። አባቱ እሱ ታስሮ ሳለ ታመመ። በሺር ሳጥኑ ተመልሶለት ሲፈታ፣ አባቱ ሊሞት የቀረው ሦስት ቀን ብቻ ነበር። ሽማግሌው በትኩሳት ውስጥ ሆኖ አባቶቹን ይቆጥር ነበር፤ ባርኸድ፣ ዋይስ፣ ሮብሌ፣ አዋሌ፣ ሚገኔ። የራሱን አንድ ጊዜም አልቆጠረም። ሐርላ ቀበሩት። እዚያ ማዶ የውጭ ሰው፣ እዚህ ሰላይ፣ ሬሳው ብቻ የማንም ያልሆነ።

በሺር ቁልፉን ከወገቡ ፈቶ ሳጥኑን ከፈተ። ከላይ የተጣጠፈ የወታደር ኮት አለ፤ ብል በልቶታል። ከሥሩ በጨርቅ የተጠቀለለ ኒሻንና በወፍራም ወረቀት ላይ የተለጠፈ ፎቶ። ፎቶውን አውጥቶ ከራሱ ፊት አጠገብ ያዘው።

ሳላሕ አየ። ፎቶው ላይ ያለው ወጣት ቆብ ደፍቶ፣ ከጥድ ዛፎች ፊት ቆሞ፣ ካሜራውን በጥርጣሬ ያያል። ቀጭን አገጭ። ሳይገናኙ የቀሩ ቅንድቦች። ጆሮዎቹ እንደ በሺር ጆሮ ወደ ፊት የወጡ ናቸው። የስልሳ ስድስት ዓመቱን ሰውዬ ያየ ሰው ያን ወታደር ለማወቅ ምስክር አያስፈልገውም። ሳላሕ አያቱን ያውቃል፤ ጭኑ ላይ ነው ያደገው። ለረጅም ጊዜ ፎቶውን አየ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ ምንጣፉ አወረደ።

«ላኢላሃ ኢለላህ» አለ በዝግታ። «አያቴ አይደለም።»

«አይደለም።»

«አላወቅንም፣ አዴር። በአላህ ስም፣ አላወቅንም።»

በሺር ለአፍታ ቁጣው ሊረግብ ሲል ተሰማው። ሰውየው ቢያንስ አልካደም። ሻሂው እንዲሞቅለት ለኪንሲ ሊነግራት ነበር።

ግን ሳላሕ ቀና አለ። ፊቱ ተለውጧል፤ የሚያስብ ሰው ፊት ነው።

«አዳራሹ የሚከፈተው ከወር በኋላ ነው» አለ። «ነሐሱ ተቀርጿል። ሠራዊታችን የተወለደው በዚያ ጦርነት ነው ብለን፣ አዲስ ምልምሎች በዚያ ቀን ሥሩ ቆመው ይምላሉ። አባቴ ሰማንያ ዓመቱ ነው፤ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል። አዴር፣ ስማኝ። እኛ ትንሽ አገር ነን። በረሃና ወደብ ነው ያለን። ልጆቻችን ‹ማን ነን?› ሲሉን አንድ ነገር ልናሳያቸው ይገባል። ፎቶውን ስጠኝ። በቆብና በኮት የታየን ፊት ማን ይለያል? አባትህ እዚያ ይከበራል። ሰው ሁሉ ያየዋል። ከሥሩ ‹ከድሬ ዳዋ ወዳጅ ቤተሰብ የተገኘ› ብለን እንጽፋለን።»

«በማን ስም ነው የሚከበረው?»

ሳላሕ ክዳኑ ላይ ያለውን ነጭ ጽሑፍ አየ።

«አንድ መስመር ጨምር» አለ በሺር። «ሥሩ ላይ አንድ መስመር። ‹ስሙ የባርኸድ ነው፤ ሰውየው ዒልሚ ሐንዱሌ ነው።› ይህን ጻፍና ፎቶውንም ኒሻኑንም ኮቱንም ውሰድ። ሳጥኑንም ተሸክሜ መኪናህ ድረስ አደርስልሃለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«አልችልም።»

«ለምን?»

«አባቴ ይሞታል ይህን ቢሰማ። ደግሞ...» አመነታ። «የአገሬ የመጀመሪያ ጀግና የውጭ አገር ሰው ነበር ብዬ በር ላይ መስቀል አልችልም። ማን ይፈቅድልኛል?»



«አባ» አለች ኪንሲ። ዕንባዋን በሻርፗ ጠርጋለች። «ስሙ ቢቀርም ፊቱ ይታይ። እዚህ አልጋ ሥር ማን ያየዋል? እኔ እንኳን ዛሬ ነው ያየሁት።»

ይህ ከሁሉ በላይ ወጋው፤ እውነት ነውና። ልጁን ግን አልተቆጣትም።

«ፊቱንማ ያዩታል» አላት። «አይተውም ባርኸድ ይሉታል። አንድ ጊዜ ሽቦው በር ላይ ‹አላውቀውም› ተባለ። ሁለተኛ ጊዜ እኔ በእጄ ልስጣቸው?»

ከዚያ ወደ ሳላሕ ዞረ፤ አሁን ድምፁ ጎላ። መንገድ ላይ አብዲራህማን ጨርቁን መቁረጥ ትቶ አዳመጠ።

«ጦርነቱ የፈረንሳይ ነበር። ስሙ የአያትህ ነበር። ጥይቱ የገባው ግን አባቴ ውስጥ ነው! ሲቆስልላችሁ የአገር ልጅ፣ ሲኖር የውጭ ሰው? ፈረንሳይ አባረረችው፤ እሺ፣ ፈረንሳይ ናት። እናንተ ነጻ ወጥታችሁ፣ የራሳችሁን ባንዲራ ሰቅላችሁ፣ ዛሬም የምታነቡት ያንኑ የፈረንሳይ መዝገብ ነው። ማን ውስጥ ማን ውጭ እንደሆነ የሚነግራችሁ ያ መዝገብ ነው። ሠራዊታችን የተወለደው እዚያ ነው ትላለህ? እንግዲያው አባቱ ሐርላ ነው የተቀበረው። ሄደህ ለምልምሎችህ ንገራቸው!»

«አዴር፣ ረጋ...»

«አዴር አትበለኝ። የሌባ ልጅ አይደለሁ?»

ሳላሕ ተነሣ። «እሺ። ሀዬ። ሳጥኑስ? ክዳኑ ላይ እኮ የአያቴ ስም ነው ያለው። ቢያንስ እሱን...»

በሺር አየው። ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«ይህስ እውነት ነው» አለ።

ወደ ሱቁ ወጥቶ መዶሻና ሚስማር ይዞ ተመለሰ። ኮቱን፣ ኒሻኑንና ፎቶውን ለኪንሲ አስያዛት። ሳጥኑን በጎኑ አስተኝቶ የማጠፊያውን ሽቦ በሚስማሩ ጫፍ መምታት ጀመረ። ሽቦው ሰማንያ ዓመት የዛገ ነው፤ እምቢ አለ። በሺር ደጋግሞ መታ፤ ላቡ ከግንባሩ ክዳኑ ላይ ተንጠባጠበ። አንደኛው ማጠፊያ ወጣ። ሁለተኛው ተሰበረ። ክዳኑን አንስቶ ለሳላሕ በሁለት እጁ ሰጠው፤ ለክብር ሰው ዕቃ እንደሚሰጥ።

«አባቴ ከጦር ሜዳ ሲመለስ ስሙን ለአያትህ መልሶለት ነበር። ይቺ ክዳን ላይ ትንሽ ቀርቶ ኖሯል። ይኸው። ከእንግዲህ እኛ ቤት የባርኸድ የሆነ ነገር የለም።»

ሳላሕ ክዳኑን ይዞ ቆመ።  ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አጠለቀና ወጣ። ቴምሩ ምንጣፉ ላይ ቀረ።

ክዳኑ ለብብት ሰፊ፣ ለእጅ ከባድ ነው። ነጭ ሸሚዙ ዝገት እየነካው በመንገዱ ሲወርድ አብዲራህማን አየው።

«ዋሪያ!» አለ ጮክ ብሎ። «ክዳን ብቻ ነው እንዴ የገዛኸው? ሳጥኑን ለማን ተውከው?»

ሳላሕ ዞር አላለም።

በሺር ሱቁ ውስጥ ለአባቱ ሳጥን ክዳን የሚሆን አዲስ ላሜራ ዘረጋ። በመቀስ ቆረጠው፣ ጠርዙን አጠፈው፣ በጎማ መዶሻ አስተካከለው።  ኪንሲ አጠገቡ ተቀምጣ ፎቶውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታያለች።

«የሙሽራዋ ሳጥንስ?» አለ አብዲራህማን ከማዶ።

«ይቆያል።»

«ሠርጉ እኮ...»

«ይቆያል አልኩ!»

አብዲራህማን የጓደኛውን ፊት አይቶ ወደ ጨርቁ ተመለሰ።

በሺር ሚስማሩን አነሣ። «የአያትሽን ስም በይ» አላት ልጁን።

«ዒልሚ።»

«ሦስት ጊዜ።»

«ዒልሚ። ዒልሚ። ዒልሚ።»

መታ። ነጠብጣቡ አንድ በአንድ ወጣ። ሲጨርስ፣ «አባቱን» አላት።

«ሐንዱሌ።»

«አባቱን።»

«ኑር። ከዚያ...» ኪንሲ አንገቷን አቀረቀረች። «ከዚያ አላስተማርከኝም።»

«ኑር ዋርሳሜ» አለ በሺር። «ዋርሳሜ ዑጋስ። ዑጋስ...»

ሚስማሩ ላሜራው ላይ እንደቆመ ቀረ።

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ዒልሚ፣ ሐንዱሌ፣ ኑር፣ ዋርሳሜ፣ ዑጋስ። እዚያው ቆመ። ከዑጋስ በኋላ አፉ ላይ የሚመጣው ሚገኔ ነው፤ ሚገኔ፣ ዱዓሌ፣ ኤገህ፣ ቡህ፣ ሊባን። ያ የእሱ አይደለም። ያ የባርኸድ ነው። ምላሱ ላይ ተጣብቆ ሌላውን አላስገባም። ቅድም አንድን ሰው በስድስተኛው አባት ላይ አፋጥጦ ነበር። እሱ ራሱም የቆመው እዚያው ስድስተኛው ላይ ነው።

መዶሻውን ወረወረው። ግድግዳው ላይ የተደገፉት ላሜራዎች በጩኸት ወደቁ። መንገደኛው ሁሉ ዞረ።

«ይህንንም ወሰዱት» አለ። «ይህንንም!»

ኪንሲ እጁን ልትይዝ ብላ ተወችው። ቆይታ፣ «የሚያውቅ ሰው የለም?» አለች።

በሺር የወደቁትን ላሜራዎች አንድ በአንድ አነሣ። 

«ሐርላ ውስጥ ኦብሲዬ የሚባል ሽማግሌ ነበር። ከአባቴ ጋር ፍየል የጠበቀ ሰው ወንድም ነው። የሁሉንም ያውቃል።»

«በሕይወት አለ?»

«እንጃ።»

«መቼ ነው ያየኸው?»

በሺር ተነሣ። ሽርጡን አጥብቆ ታጠቀ፤ ያልጨረሰውን ክዳን በብብቱ፣ ሚስማሮቹን በኪሱ አደረገ። የወረወረውን መዶሻ ከወለሉ አነሣ።

«ሳጥኑን እንደተከፈተ ተይው» አላት። «ፎቶውን እዚህ፣ ሱቁ ውስጥ፣ ስቀይው። የሚያልፍ ሁሉ ይየው። ማነው ያለሽን ንገሪው።»

ወደ መንገዱ ወጣ። አብዲራህማን ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ አየው።

«አንተም ክዳን?» አለ። «አቦ፣ ዛሬ ሰው ሁሉ ክዳን ይዞ ነው የሚሄደው!»

በሺር ያገኘውን ባጃጅ አስቁሞ ገባ።

«ወዴት ነው፣ አባባ?»

«ሐርላ።»

«በዚህ ፀሐይ? ሩቅ እኮ ነው።»

«ንዳ።»

ባጃጁ ተነሣ። ላሜራው በጉልበቱ ላይ ግሎ ሽርጡን አልፎ ያቃጥለዋል፤ አላነሣውም። ጣቱን የመጀመሪያዋ ነጠብጣብ ላይ አደረገና አባቶቹን ከዒልሚ ጀምሮ መቁጠር ያዘ።